ክሩን የናቀ ክርኑን ያመዋል፦ ስለ ቴኒስ ራኬት አመራረጥ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ «ይሄን አንብበው፣ ግን እንዳትናደድ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ለመዝናናት ለሚጫወት ሰው የሜዳ ቴኒስ ራኬት እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ ነው። አነበብኩት። ተናደድኩ።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ቀለል ያለውን ራኬት ግዛ፣ እጅህን አያደክምህም። ፊቱ በጣም የሰፋውን ምረጥ፣ ኳስ አይስትህም። ክሩን ጠበቅ አድርገህ አስወጥር፣ ኃይል ትጨምራለህ። የማይበጠሰውን ክር አስገባ፣ ወጪ ትቆጥባለህ። የእጀታው ውፍረት አያሳስብህ፣ እጅ ይለምደዋል። ክርንህን ካመመህ ክሩ ላይ ጎማ ሰካበት። ለልጅህ የአዋቂ ራኬት ግዛለት፣ ያድግበታል። ያገለገለ ራኬት ግን እንዳትነካ።

ጸሐፊውን አላውቀውም፣ ለክፋት የጻፈውም አይመስለኝም። ግን ይሄን ምክር አንድ በአንድ ተከትሎ የገዛ ሰው በስድስት ወሩ ወይ ራኬቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፣ ወይ ክርኑን ይዞ ሐኪም ቤት ይሰለፋል።

እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም። ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር እጫወታለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ቤት ባለችኝ የእጅ ማሽን የጓደኞቼን ራኬት ክር እቀይራለሁ። ማሽን ስላት ብዙ እንዳትጠብቁ፤ ዘንግ ላይ በተንጠለጠለ ክብደት ክሩን የምትጎትት ነገር ናት። በሷ ምክንያት ግን የብዙ ሰው ራኬት በእጄ አልፏል። ሰው ምን ይዞ እንደሚጫወት አይቻለሁ። ምን ይዞ እንደሚታመምም እንዲሁ።

በክብደቱ እንጀምር። «ቀላል ራኬት እጅ አያደክምም» ይላል። ሱቅ ውስጥ እውነት ነው። ራኬቱን ታነሳለህ፣ ሁለት ጊዜ ታወዛውዘዋለህ፣ «ውይ፣ ላባ ነው እኮ» ትላለህ፣ ከፍለህ ትወጣለህ። ችግሩ ሱቅ ውስጥ ኳስ አይመጣብህም።

ሜዳ ላይ ይመጣል። በሕጉ መሠረት አንድ የቴኒስ ኳስ ከ56 እስከ 59.4 ግራም ይመዝናል። ያ ኳስ እየበረረ መጥቶ 230 ግራም ራኬት ሲያገኝ ራኬቱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ይጠማዘዛል፣ ይንቀጠቀጣል። አስፋልት ላይ ሲኖትራክ ሲያልፍባት ባጃጅ እንዴት እንደምትናጥ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከበድ ያለ ራኬት የምቱን ድንጋጤ ራሱ ይውጠዋል። ቀላሉ አይችልም፤ ተቀብሎ ለአንተ ያስተላልፈዋል። ለእጅ ያዝናል የተባለው ራኬት ነው እጅ የሚጎዳው።

ሌላም አለ። ቀላል ራኬት ምቱ እንዳይሞትበት ብለው ብዙ ጊዜ ክብደቱን ወደ ፊቱ ያደርጉበታል። ይሄን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግህም። የአዋቂ ራኬት ርዝመቱ በአብዛኛው 68.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ልክ መሃሉን፣ 34 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ በአንድ ጣት ደግፈው። ወደ እጀታው ካጋደለ ክብደቱ እጅህ ጋ ነው ማለት ነው፣ ጥሩ። ወደ ፊቱ ካጋደለ ግን የያዝከው መዶሻ ነው። ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው ያለ ክር ከ270 እስከ 300 ግራም የሚመዝን፣ ሚዛኑ መሃል ላይ ወይም ትንሽ ወደ እጀታው የሆነ ራኬት ቢይዝ አይቆጭም። ክር ሲገባበት 15 ምናምን ግራም ይጨምራል፣ እሱን አስበህ ግዛ። ትከሻው ደከም ያለ ሰው እስከ 260 ይውረድ። ከዚያ በታች ያለውን ግን ለልጆች ተወው።

ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሳው ደግሞ ራኬቱ ከምን እንደተሠራ ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት ርካሽ ራኬቶች ብዙዎቹ አሉሚኒየም ናቸው። መለየት ቀላል ነው። የራኬቱ አንገት ላይ፣ ሁለቱ ዘንጎች ከፊቱ ጋ በሚገናኙበት ቦታ፣ ለብቻው የተገጠመ የፕላስቲክ ድልድይ ካየህ አሉሚኒየም ነው። ግራፋይት የምንለው የካርቦን ራኬት አንድ ወጥ ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ መጋጠሚያ የለውም። አሉሚኒየም አትግዛ አልልም። ቴኒስ እንደምትወድ እስክታውቅ ሁለት ሦስት ወር ይበቃሃል። ከወደድከው ግን ለእጅህ ስትል ቀይረው።

ወደ ፊቱ ስፋት ስንመጣ ለጸሐፊው ግማሽ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ሰፊ ፊት የተፈለሰፈው ለእኔ ዓይነቱ ተጫዋች ነው። ሃዋርድ ሄድ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የበረዶ መንሸራተቻ እያመረተ ሀብታም ሆኖ፣ ድርጅቱን ሸጦ አረፍ ሲል ቴኒስ ጀመረ። አልሆነለትም። ኳሱ የራኬቱን ዳር በነካ ቁጥር ራኬቱ እጁ ውስጥ ይዞርበታል። ሌላው ሰው ቢሆን አሰልጣኝ ይቀጥር ነበር፣ እሱ ራኬቱን ቀየረው። ፊቱን አሰፋና በ1976 ፕሪንስ በሚል ስም ገበያ ላይ አወጣው። 110 ካሬ ኢንች! የዚያን ጊዜው የእንጨት ራኬት 65 ገደማ ነበር። የሃሳቡ መነሻ እንግዲህ የአንድ ደካማ ተጫዋች ብስጭት ነው።

ግን «በጣም የሰፋውን» ማለት ሌላ ነው። ፊቱ በጣም ሲሰፋ ኳሱ ፍራሽ ላይ እንደሚዘል ሕፃን ወዳልፈለግከው ይሄድብሃል፣ ጨዋታ የሚያስጀምረውን ምት፣ ሰርቭን፣ ስትመታም ራኬቱ ቶሎ አይዞርልህም። ለአብዛኞቻችን ከ100 እስከ 105 ካሬ ኢንች ልኩ ነው፤ 100 ማለት 645 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ደብል (ሁለት ለሁለት) ብቻ የሚጫወቱ፣ መረብ ጋ ቆመው ኳስ ማገድ የሚወዱ ትልልቅ ሰዎች 110 ቢይዙ ደስ ይለኛል። ጠባቡን ይዘው ባለሙያ ለመምሰል የሚጥሩትን ግን አንድ ነገር ላስታውስ፦ ሮጀር ፌደረር ራሱ የኖረበትን 90 ትቶ በ2014 ወደ 97 ዞሯል። እሱ ያላፈረበትን እኔና አንተ ምን ያሳፍረናል?

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። «ክሩን ስታጠብቀው ኃይል ይጨምራል።»

አቦ ተው! የተገላቢጦሽ ነው እኮ።

መጀመሪያ ኳሱን እይ። ኳስ ሲፈተን ከ254 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጠንካራ ወለል ላይ ይለቀቃል። ደንበኛ ኳስ ነው የሚባለው ከ135 እስከ 147 ሴንቲ ሜትር ተመልሶ ሲነጥር ነው። ልብ በል፣ ጥሩ የሚባለው ኳስ ራሱ ወለል ሲመታ ከጉልበቱ ከ40 በመቶ በላይ ያጣል። የሚያጣው ሲጨፈለቅ ነው። ክር ግን ሲለጠጥ የተቀበለውን አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል። እንግዲህ ክሩን እንደ ወለል አድርገህ ካደረቅከው የሚጨፈለቀው ኳሱ ነው፣ ጉልበቱም እዚያው ይቀራል። ላላ ካደረግከው የሚለጠጠው ክሩ ነው፣ ጉልበቱ ከኳሱ ጋ ይሄዳል። ጥብቅ ክር የሚሰጥህ ቁጥጥር ነው። እሱም የሚጠቅመው የራሱ ጉልበት ለተረፈው ሰው ነው።

እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን «60 ፓውንድ አድርግልኝ» ይላል፣ ክሩ የሚወጠርበትን ኃይል ማለቱ ነው። ለምን? «ጠንከር እንዲል።» አንዱን «የራስህን ሥራ ራኬቱ እንዲሠራልህ ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?» አልኩት። «እፈልጋለሁ።» «እሺ፣ 52።» ሳምንት ቆይቶ መጣና ራኬቱን ቀየርክብኝ እንዴ አለኝ። ራኬቱ ያው ራኬት ነው። ለናይለን ክር ከ50 እስከ 54 ፓውንድ፣ በኪሎ ከ23 እስከ 24.5 ገደማ፣ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ፍሬሙ (የራኬቱ አካል) ላይ አምራቹ ራሱ ከዚህ እስከዚህ ብሎ የጻፈው ቁጥር አለ፤ ከሱ ውስጥ ወደ ታችኛው ጠጋ በል።

የምትጫወትበት ቦታም የራሱ ድርሻ አለው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። አንዴ ከጓደኞቼ ጋ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረር ሄደን ተጫወትን፣ ያው ራኬታችንን፣ ያው ኳሳችንን ይዘን። ድሬ ላይ መስመር ውስጥ የምታርፈው ፎርሃንዴ፣ በቀኜ በኩል የምመታት፣ እዚያ አጥር ትመታለች። ሁሉንም አጥር! አየሩ ሲሳሳ ኳሱን የሚገታው ነገር ይቀንሳል፣ ኳሱ ውስጥ የታመቀው አየርም ይበልጥ ይነፋዋል። ሕጉም ቢሆን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሐረር ወይም አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁለት ፓውንድ ቢጨምር አልከራከረውም። ግን ኳሱን ለመግታት ነው። ኃይል ለመጨመር አይደለም።

ከውጥረቱ ጋ አብሮ የሚሄደው የክሩ ዓይነት ነው። ጸሐፊው «የማይበጠስ» የሚለው ፖሊስተሩን ነው። በ1997 ጉስታቮ ኩኤርተን የተባለ ብራዚላዊ ፖሊስተር አስገብቶ ሮላን ጋሮስን (የፈረንሳይን ታላቅ የቴኒስ ውድድር) ካሸነፈ ወዲህ ባለሙያው ሁሉ ወደሱ ዞረ። ምክንያት አላቸው። ኳሱን በኃይል ለሚያሽከረክር ሰው ክሩ ተንሸራትቶ ወዲያው ቦታው ይመለሳል፣ ኳሱም ይበልጥ ይሽከረከራል። ግን እነሱ ሜዳ የሚገቡት አዲስ የተወጠሩ ብዙ ራኬቶች ይዘው ነው። እኛ አንድ ራኬት ይዘን ነው፣ ያውም ክሩ መቼ እንደገባ የማናስታውሰውን።

ፖሊስተር ደረቅ ነው፣ ውጥረቱንም ቶሎ ይጥላል። አይበጠስም፣ ይሞታል። ክራር ቃኝተህ ስድስት ወር ግድግዳ ላይ ብትሰቅለው፣ ክሩ አልተበጠሰምና ቅኝቱ አለ ትላለህ? የራኬት ክርም እንዲሁ ነው። የሚበጠስ ክር ቢያንስ «ቀይረኝ» ይልሃል። ፖሊስተር ዝም ብሎ ክርንህን ይበላል።

ከራሴ ነው የምናገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንደ ጸሐፊው አስብ ነበር። ማሽኗም አልነበረችኝም። ደረቅ ፖሊስተር፣ 58 ፓውንድ፣ 240 ግራም ራኬት። ሦስቱንም ስህተት ባንድ ላይ። በሦስተኛው ወር ጠዋት ተነስቼ ሻይ ልቀዳ ፔርሙዝ ሳነሳ ክርኔ ውጪው በኩል ሚስማር የገባበት ያህል ወጋኝ። ፔርሙዙን በግራዬ ቀዳሁ። በር መክፈት፣ ጨርቅ መጭመቅ፣ ሰው መጨበጥ... ሁሉም በግራ ሆነ። አራት ወር ያለ ቴኒስ ተቀመጥኩ። የቆጠብኩት የክር ዋጋ ለሕክምና ሄደ፣ ከነትርፉ።

ታዲያ ምን ይግባ? ርካሹ ናይለን ይበቃል፣ ሲንተቲክ ጋት የሚባለው። ትንሽ የምታወጣ ከሆነ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደው መልቲፊላመንት ለእጅ ይለሰልሳል። ከሁሉም የሚጥመው የተፈጥሮው ነው፣ ከከብት አንጀት የሚሠራው። ፈረንጅ ይሄን ሲሰማ ይገርመዋል፣ በገና የሚያውቅ ሰው ግን አይገረምም፤ የበገና ጅማት ከበግ አንጀት አይደል? ግን ውድ ነው፣ ርጥበትም አይወድም። ለኛ ናይለን። መቼ ይቀየር ላልከኝ ደግሞ ድሮ ጀምሮ የሚባል ግምት አለ፦ በሳምንት ስንት ቀን ትጫወታለህ? በዓመት ያን ያህል ጊዜ ቀይር። እና እባክህ ራኬትህን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተው። የድሬ ፀሐይ የተዘጋ መኪና ውስጥ ለክር አይመለስም፤ ሙቀቱ ያላላዋል፣ ማታ ሲበርድም የላላው አይጠብቅም።

«የእጀታው ውፍረት አያሳስብህ።» ያሳስበኛል። ቀጭን ከሆነ ራኬቱ እንዳይዞርብህ ጨምቀህ ትይዛለህ፣ ያ ጭምቀት ክንድህ ድረስ ይሄዳል። ወፍራም ከሆነ ሰርቭ ላይ የእጅ አንጓህ አይታዘዝም። መለካቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መዳፍህን ዘርጋ። ከመዳፍህ መካከለኛ መስመር ተነስተህ እስከ ቀለበት ጣትህ ጫፍ በማስመሪያ ለካ። 10.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቁጥር 1፣ 10.8 ቁጥር 2፣ 11.1 ቁጥር 3፣ 11.4 ቁጥር 4። ቁጥሩ እጀታው ጫፍ ላይ ወይም ፍሬሙ ላይ ተጽፏል። ማስመሪያ ከሌለህ ራኬቱን ጨብጥና የሌላኛውን እጅህን ጠቋሚ ጣት በጣቶችህ ጫፍና በመዳፍህ መሃል ክተት። ልክክ ካለ ልክህ ነው። በሁለት ቁጥር መሃል ከሆንክ ትንሹን ውሰድ። እጀታ በመጠቅለያ ይወፍራል፣ አንዱ መጠቅለያ ግማሽ ቁጥር ያህል ይጨምራል። ማቅጠን ግን ፍሬሙን መሞረድ ነው።

ድሬ ላይ ደግሞ ላብ አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እጅህ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ከውድ ራኬት በፊት ቦርሳህ ውስጥ ሁለት ሦስት ስስ መጠቅለያና ፎጣ ይኑር። የሚያዳልጥ እጀታ እንደ ቀጭን እጀታ ነው፣ ሳታውቀው ትጨምቀዋለህ።

ስለ ጎማዋ ብዙ አልልም። ክሩ ሥር የምትሰካው ትንሽ ጎማ ድምፁን ነው የምትቀይረው። «ትዊንግ» የሚለው «ቱክ» ይሆናል። እኔም አለችኝ፣ ድምፁን ስለምወደው። ለክርን ግን መድኃኒት አይደለችም፤ ፍሬሙ የሚያስተላልፈውን ንዝረት አትነካውም።

«ያድግበታል» የምትለዋ ግን ሆዴን በላችኝ። ሁላችንም በታላቅ ወንድም ሱሪና ሁለት ቁጥር በሚበልጥ ጫማ ነው ያደግነው፣ አውቃለሁ። አንድ አባት የሰባት ዓመት ልጁን ይዞ ሜዳችን መጣ። ልጁ 27 ኢንች የአዋቂ ራኬት በሁለት እጁ አንገቱ ላይ ይዞ፣ እጀታው ሆዱን እየወጋው ኳስ ይጠብቃል። «ለምን ትልቅ ገዛህለት?» አልኩት። «ያድግበታላ!» አለኝ። ልጁ እስኪያድግበት ድረስ ግን ክንዱን ሳይዘረጋ መምታትን ይለምዳል፣ ያን ልማድ ማስለቀቅ ከራኬቱ ዋጋ ይበልጣል። ራኬት ሱሪ አይደለም፣ አይታጠፍም። አምስት ስድስት ዓመት ላይ 21 ኢንች፣ ሰባት ስምንት ላይ 23፣ ዘጠኝ አሥር ላይ 25፣ ከዚያ 26። ቁመቱ ላቅ ያለ ልጅ አንድ ደረጃ ይዝለል። ኳሱም ይለስልስለት፦ ከ2012 ጀምሮ ከ10 ዓመት በታች ውድድር የሚደረገው ቀስ በሚሉት ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ኳሶች ነው። ያ አባት በመጨረሻ ከሌላ ወላጅ ጋ ተቀያይሮ 23 አገኘ። ልጁ አሁን መረብ ያሳልፋል።

እሱ እንግዲህ ያገለገለ ራኬት ነው፣ ጸሐፊው «እንዳትነካ» ያለው። ለምን እንዳልነካ አልነገረኝም። ጥሩ የካርቦን ራኬት ካልተሰበረ አሥር ዓመት ያገለግላል። አዲስ ርካሽ አሉሚኒየም በምትገዛበት ብር ከጅቡቲ ወይም ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ጥሩ ራኬት ልታገኝ ትችላለህ። ግን እይ። ፊቱን ዙሪያውን በጣትህ ዳስስ፣ በተለይ ከላይ ግራና ቀኝ፤ መሬት የሚመታው እዚያ ነው። ቀለም መላጥ ችግር የለውም፣ ጥፍርህን የምትይዝ ስንጥቅ ካለች ግን ተወው። መዳፍህ ላይ መታ መታ አድርገው፣ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ጠይቅ። ክሩ የሚያልፍባቸውን ፕላስቲኮች እይ፣ ካለቁ ፍሬሙ ክሩን ይቆርጠዋል። ክሩ ራሱ አያሳስብህ። ያገለገለ ራኬት ስትገዛ ክሩን የሞተ ቁጠረው፣ የመቀየሪያውንም ዋጋ ላይ ደምረው።

ሜዳችን ላይ አንድ ሽማግሌ አለ። (አዎ፣ «አለ» ነው ያልኩት። ድሬ ላይ «አንቱ» ካልከው ያኮርፋል።) ቀለሙ ካለቀ፣ ስሙ የማይነበብ የካርቦን ራኬት ጋ ዘመናት ኖሯል። ኳስ አይከተልም፣ ኳስ ወደሱ ይመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ከአዲሱ ራኬቴ ጋ 6 ለ 2 ሸኘኝ። ሲጨርስ ያንን ራኬት እጄ ላይ ጣለውና «ክሩ ደክሟል፣ 60 አድርግና አምጣልኝ» አለኝ።

አሁን ማሽኗ ላይ ነው። ናይለን፣ 52። እንዳትነግሩት።